በጎ ፈቃደኛ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

በትንኝ ማርቢያው ክፍል ውስጥ የሚመሸው ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ሲጨልም ስለሆነ፣ ተመራማሪ ደግሞ እንደ ሰው ሌሊቱን መተኛት ስላለበት፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ብልህ ሰው መብራቱን ከሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር አያይዞ ቀኑንና ሌሊቱን አገላብጦታል። ውጭ የቆላው ፀሐይ አናት ሲበሳ ክፍሉ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ ከተማው ሲተኛ ደግሞ አምፖሎቹ ማንም በሌለበት ቦግ ብለው ያድራሉ። ትርሲት ይህን ከለመደችው አራት ዓመት ሊሞላት ነው። በየጠዋቱ ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፣ የመጀመሪያውን በር ከኋላዋ ዘግታ ሁለተኛውን ትከፍታለች፣ በቀይ ላስቲክ የተሸፈነች የእጅ ባትሪዋን አብርታ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ግራ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በመረብ ሣጥኑ የጨርቅ እጅጌ ውስጥ ታስገባና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ትቆጥራለች።

ቁርስ ነው፤ የእሷ ሳይሆን የእነሱ። ለትንኝ ደም የሚመግበው መሣሪያ ከውጭ ታዝዞ መጥቶ ጉምሩክ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለዚሁ ሥራ የተገዙት ጥንቸሎች ደግሞ በአንድ ክረምት እንዳሉ አለቁ። ያለ ደም ሴቷ ትንኝ እንቁላል አትጥልም፣ ያለ እንቁላል ደግሞ ዘር የለም፣ ስለዚህ የቀረው የተማሪዋ ክንድ ነው። ትንኞቹ እዚያው ተፈልፍለው እዚያው የሚሞቱ፣ በሽተኛ ቀምሰው የማያውቁ ስለሆኑ ከማሳከክ በቀር ጉዳት የላቸውም። «እኔ እኮ የወተት ላም ሆኜልሃለሁ» ትለዋለች ባሏን በስልክ፤ እሱም ሳይወድ ይስቃል።

ክፍሉ ጠባብና ሁልጊዜ የሚያልብ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት እርጥብ ፎጣዎች፣ ለእጮቹ የሚበተነው የዓሣ ምግብ፣ በሣህኖቹ ውስጥ የቆመው ውሃና ስኳር የነከረው ጥጥ ተደባልቀው፣ ጋዋን ቢታጠብ የማይለቅ፣ ጣፈጥ ያለ የሻገተ ሽታ ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ድምፁ አለ፤ በሦስቱ ሣጥኖች ውስጥ ያሉት ሁለት ሺህ የሚሆኑ ትንኞች ሲጨልም አብረው የሚያነሱት፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ቀጭን እምምታ። አዲስ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ትርሲት ግን ከለመደችው ወዲህ ዝም ያለ ክፍል ውስጥ መተኛት አቅቷት ማራገቢያ ከፍታ ነው የምታድረው።

ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ይድነቃቸው አዲስ አበባ የሒሳብ መምህር ነው፤ ልጃቸው ኖላዊት አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ትርሲት ለዶክትሬቷ ወደዚህ የምርምር ጣቢያ ስትመጣ ልጅቷ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ባለፈው ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ ወላጆቿ የት እንደሚኖሩ ብትጠይቃት «አባዬ ቤት፣ እማዬ ስልክ ውስጥ» ብላ መለሰች አሉ። ይድነቃቸው እያሳቀው ነገራት። ትርሲትም ስቃ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

የምትፈራው ነገሩ ሁሉ ከንቱ እንዳይሆን ነው። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል፤ ለብዙ ትውልድ በአንድ ሰው ደም ያደጉ ትንኞች ያንን ሰው ከሌላው ለይተው ይመርጣሉ ወይስ አይመርጡም? ለዚህም ሃያ በጎ ፈቃደኞች ካልሲ አድርገው ያድራሉ፤ ጠዋት ካልሲው በመስታወት ቱቦ አንድ ጫፍ ይገባል። ቱቦው እንደ ወንጭፍ ባላ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ በሌላው ጫፍ የትርሲት ካልሲ ይቀመጣል፣ ትንኞቹም ወደ ወደዱት ይበራሉ። አራት ዓመት ሙሉ ግን ግማሾቹ ወደዚህ፣ ግማሾቹ ወደዚያ ሲበሩ ኖሩ። «ትርሲት፣ ይሄ እኮ ሳንቲም መወርወር ነው» አሏት አማካሪዋ ዶክተር አስናቀ፣ እንደ ልማዳቸው በዓመት አንዴ ብቅ ብለው። የተሰጣት ጊዜ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል። እስከዚያ ውጤት ካልያዘች ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች፤ ልጇን በስልክ ያሳደገችበት አራት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

መጋቢት ላይ ይባስ ብሎ ዐሥራ ሰባተኛው በጎ ፈቃደኛ፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ሥራ ተቀይሮ ሳይሰናበታት ከከተማው ወጣ። በሠንጠረዧ ላይ አንድ ረድፍ ባዶ ቀረ። አዲስ ሰው ለማስገባት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ደግሞ በሦስት ወር አንዴ ነው። ትርሲት ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ተመልሳ ነበርና ሻንጣዋን ስትፈታ ከቀሚሷ መሐል አንዲት ጥንድ ቢጫ ካልሲ ወደቀች፤ ኖላዊት የመጨረሻዋን ሌሊት እናቷ ጉያ ውስጥ ያደረችባት፣ ተረከዟ የጠቆረ፣ ገና የልጅ እግር የሚሸት። አንስታ አሸተተቻት።

ከዚያ ማንኛውም የተጨነቀ ተማሪ የሚያስበውን አሰበች። ካልሲ ናት እንጂ ልጅ አይደለችም። ማንም አይነካም፣ ማንም አይነከስም። በማግስቱ አንዷን ካልሲ ቱቦው ጫፍ ከተተችና በሠንጠረዡ ላይ «ቁጥር 17» ብላ ጻፈች።

ሃምሳ ሴት ትንኞችን በአፍ በሚሳብ ቀጭን ቱቦ አንድ በአንድ መጥጣ መነሻው ላይ ለቀቀቻቸው፤ እንደ ወትሮው እየተምዘገዘጉ መስታወቱን ገጩት። ማራገቢያውን ከፈተች። አየሩ በትንሿ ካልሲ ላይ አልፎ በደረሰባቸው ቅጽበት ግን ዝም አሉ። ትርሲት መጀመሪያ ጆሮዋ የደነቆረ መሰላት፤ በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል ጸጥታ ሰምታ አታውቅምና። ባትሪዋን አስጠጋች። ትንኞቹ አልበረሩም። መስታወቱ ላይ አረፉና፣ ረጃጅም እግሮቻቸውን እያነሱ እየጣሉ፣ ተከታትለው በእግራቸው ሄዱ። መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ አንዳቸውም ሳይወላውሉ ወደ ካልሲው ታጠፉ፣ ጫፉ ላይ ያለው መረብ ጋ ሲደርሱም ፊታቸውን ወደሱ አድርገው ተደርድረው ተቀመጡ። ሃምሳውም።

ካልሲውን በሌላው ጫፍ አድርጋ ደገመችው። ዞረው ሄዱ። ሌሎች ሃምሳ አመጣች። እነዚያም ሄዱ። በሦስተኛው ጊዜ ትርሲት ብቻዋን በጨለማው ውስጥ አጨበጨበች፣ ሳቀች፣ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጥታ ለዶክተር አስናቀ ቁጥሩን ላከች።

ዶክተር አስናቀ ወዲያው ደወሉ፤ እንዲህ ሲደውሉላት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«በጎ ፈቃደኛ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ነው፣ ዶክተር።»

«እሱን አጥብቀሽ ያዢው! ትርሲት፣ እንኳን መመረቅ፣ በዚህ ስምሽ ነው የሚጠራው። ገባሽ?»

ገባት። አራት ዓመት ሙሉ ስሟን ያለ ተግሣጽ ጠርተውት አያውቁም ነበርና፣ ያን ዕለት ከደስታ ብዛት ምሳዋን መብላት አቃታት።

ግን ነገሩ ከነከናት። የሚጠጡት የእሷን ደም ነው፤ ልጇ ከእሷ የወጣች ስለሆነች ሽታዋን ቢለዩት ያስኬዳል፤ ታዲያ ለምን የእሷን የራሷን ካልሲ ትተው? እናትየዋን ንቀው ወደ ልጅየዋ የሚሄዱበትን ምክንያት ስታስብ አንድ መልስ ብቻ ይመጣባታል፤ እሱንም ማሰብ አልወደደችም። በሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት ትንኞች እሷን ቀምሰው ቀምሰው ጨርሰዋታል፣ አሁን ያዩት ያልተነካውን ነው።

በሦስተኛው ቀን እጇን ልታስገባ ስትል በሣጥኖቹ ውስጥ አንዳች ልክ ያልሆነ ነገር አየች። ትንኞች መረብ ላይ የሚያርፉት እንደተበተነ ጤፍ ያለ ሥርዓት ነው። ያን ቀን ግን በሦስቱም ሣጥኖች ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ተሰብስበው ሌላው ገጽ ባዶ ነበር። ከተሰበሰቡበት ገጽ ትይዩ ቢጫዎቹን ካልሲዎች በፕላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠችበት መሳቢያ አለ። ፕላስቲኩን አውጥታ ከበሩ አጠገብ ሰቀለችው። ማግስቱን ስትመለስ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ጠበቋት። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ እሷን እየጠበቁ መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

ካልሲዎቹን ከጓሮው ማቃጠያ ወስዳ አቃጠለቻቸው፤ ቢጫው ክር ሲንተከተክ ቆማ አየች። «ነገ ይበተናሉ» አለች። አልተበተኑም። በማግስቱ መሳቢያውንም በሩንም ትተው ምንም በሌለበት ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ተገኙ፤ በማግስቱም እዚያው፣ በሳምንቱም እዚያው። ጋሽ ዳናን ጠራቻቸው። ጋሽ ዳና በጣቢያው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትንኝ ያረቡ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ ከሰው ይልቅ ከእጭ ጋር ማውራት የሚቀናቸው ረጅም ሰው ናቸው። ባትሪውን ተቀብለው ሣጥኖቹን እየዞሩ አዩ፣ ከዚያ በጣታቸው ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ።

«ከዚህ ወዲያ ምንድነው ያለው?» አለቻቸው።

«ምን አለ፣ ጓሮው ነው። ከዚያ አጥሩ። ከዚያ የአዲሳባ መንገድ።» ባትሪውን መለሱላት። «ትንኝ ነፋስ ሲመጣባት እንጂ እንዲህ ወዳ አቅጣጫ ስትይዝ አይቼ አላውቅም። ልጄ፣ ምን አብልተሻቸው ነው?»

«ምንም» አለች ትርሲት። መንገዱ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር መሆኑን ታውቃለች፤ በዚያ መንገድ መጨረሻ ያለውንም ቤት ታውቀዋለች።

በዚያው ሳምንት ለምሳ ወጥታ ከክፍሉ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ለልጇ ደወለች። ቀትር ነበር፤ ሙቀቱ ወፎቹን ሳይቀር ዝም አሰኝቷቸዋል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ኖላዊት ስለ አዲሱ ቦርሳዋ ስታወራ ስታወራ ቆየችና ድምጿ እየላላ መጣ።

«እማዬ፣ አጠገብሽ ማነው?»

«ማንም የለም የኔ ማር። ብቻዬን ነኝ።»

«እሹሩሩ የሚለውስ?»

ትርሲት ጆሮዋን አቀናች። ምንም አይሰማም። «እሹሩሩ የሚል የለም፣ ኖሊ» አለቻት።

«አለ፤ ብዙ ናቸው» አለች ልጅቷ፣ እያዛጋች። «ደስ ይላል። እንቅልፌን አመጡት።»

ከዚያ የልጇ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ይድነቃቸው ስልኩን አንስቶ «ምን ነግረሽ አስተኛሻት? በቀን መተኛት እንደሆነ እርም ብላለች እኮ» አላት እየሳቀ። ትርሲት ልብሷ ጀርባዋ ላይ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። ተነሥታ በሙቀቱ ውስጥ ወደ ትንኝ ክፍሉ ሄደችና ከመጀመሪያው በር ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ውስጡ ጸጥ ብሏል። ሁለት ሺህ ነፍሳት እንዲህ ጸጥ የሚሉት የሚያዳምጡት ነገር ሲኖራቸው ነው።

ማግስቱን ክንዷን እምቢ አሏት። እጇን አስገብታ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጠች፤ አንዲት እንኳ አላረፈችባትም። ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። እጇን በሞቀ ውሃ ታጥባ፣ አሽታ፣ ተንፍሳበት መልሳ አስገባች። ትንኞቹ ከግድግዳው በኩል ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ የደረቀ ሆዳቸውን አንጠልጥለው ተደርድረው ነበር። አራት ዓመት በየቀኑ የተበላ ክንዷ፣ በጠባሳ የተዥጎረጎረ ክንዷ፣ እንደ ባዶ ሣህን ሣጥኑ መሐል ተዘርግቶ ቀረ። የሚያስቅ ነው፤ ከፋት። የተጠላች ያህል ተሰምቷት ዕንባዋ መጣ።

ጋሽ ዳና የራሳቸውን ክንድ ሰጡ፤ አልተነካም። ከከብት ጤና ክፍል ጥንቸል ተበደሩ፤ ጥንቸሏ ሣጥኑ ውስጥ እንደገባች ጥግ ተጣብቃ እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች እንጂ አንዲት ጠብታ አልጎደለባትም። በስኳር የተነከረውንም ጥጥ ትተውት ነበርና፣ በአምስተኛው ቀን ከሣጥኖቹ ሥር የሞቱት እንደ ጥቁር አዝሙድ መነጠፍ ጀመሩ። ትርሲት አሰላችው። ደም ካላገኙ በዐሥር ቀን ውስጥ አንድም አይተርፍም።

ለዶክተር አስናቀ ደወለች። ስለ ግድግዳው አልነገረቻቸውም፤ ስለ ስልኩም።

«ዐሥራ ሰባት ቁጥርን አምጪውና ክንዱን ያስገባ» አሏት። «አንድ ጊዜ። ከበሉት ዘሩም ይተርፋል፣ መደምደሚያሽም ይሄው ነው፣ መስከረም ላይ ትመረቂያለሽ። ካልበሉት ደግሞ…»

«ከአገር ወጥቷል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ከሌላ ዘር ጀምሪ። ግን ጊዜ የለሽም» አሉና ዘጉት።

ጋሽ ዳና ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ሳትነግራቸው ሁሉን የሚያውቁ ይመስላሉ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሲገባ ሲወጣ ያዩ ሰው ናቸው።

«ግደያቸው» አሏት።

«አራት ዓመቴ እኮ ነው ጋሽ ዳና።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቢሆንም ፍሪዘር ውስጥ ክተቻቸውና ሂጂ። አንዳንዱ ነገር ተጀምሮ ሲታይ ነው መጥፎነቱ የሚታወቀው። ልጅ አለሽ፣ ባል አለሽ፤ ዶክተር ካልተባልሽ ምን ትሆኛለሽ?»

ምን እንደምትሆን ታውቅ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ላይ ሻንጣዋን ይዛ የምትመለስ፣ ልጇን ለትንኝ ጥላ ሄዳ ባዶ እጇን የመጣች ሴት ትሆናለች። ሆኖም ልክ ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ሣጥን አቅፋ በኮሪደሩ ይዛው ሄደች። ትንኞቹ አልተንጫጩም። ፍሪዘሩ አጠገብ ስትደርስ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጠራ፤ ኖላዊት ነበረች፣ በአባቷ ስልክ። ትርሲት አላነሳችውም፤ ግን ጥሪው በጮኸ ቁጥር በሣጥኑ አንድ ወገን ያለው መረብ ወደ ስልኩ እየተገፋ፣ ከውስጡ አንድ ትልቅ ነገር እንደተነፈሰ ሁሉ ሲወጠርና ሲላላ በክንዷ ተሰማት። ጥሪው ቆመ። መረቡም ተኛ። በፍሪዘሩ ክፍት በር የሚወጣው ነጭ ብርድ እግሯ ላይ እየፈሰሰ ብዙ ቆመች።

ማታ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ ዳናን አገኘቻቸው። «አለቀ» አለቻቸው። እሳቸውም የፍሪዘሩን በር ከፍተው አዩ፤ መረብ ሣጥን በውርጭ ነጥቶ፣ ሥሩ ላይ ያለው ጥቁር አዝሙድ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከኋላ ስንት ሣጥን እንዳለ ግን ጎንበስ ብለው አልቆጠሩም። ትከሻዋን ያዝ አድርገው «እግዜር ያበርታሽ» አሏትና ለዓመታት ያጠራቀሙትን ፈቃድ ወስደው በማግስቱ ወደ አገራቸው ወጡ።

በዚያው ምሽት ትርሲት ለባሏ ደወለች። የትምህርት ቤት እረፍት ነበር። «አምጣልኝ» አለችው፤ «ናፈቀችኝ፣ ከአሁን በኋላ መቻል አልቻልኩም።» ውሸት አልነበረም። ከልቧ ናፍቃት ነበር፤ ስልኩን ዘግታ ስታለቅስም ዕንባው የእናት ዕንባ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ መጡ። ትርሲት መናኸሪያው ላይ ልጇን አቅፋ አንገቷ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ መልቀቅ አቃታት። አድጋለች፤ ከብዳለች፤ ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያን ሌሊት ሦስቱም በአንድ አልጋ ተኙ፣ እግር በእግር ላይ፤ ትርሲት ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራገቢያ ሳትከፍት እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ይድነቃቸው መንገዱ አድክሞት ሲያንኮራፋ ትርሲት ልጇን አጥባ፣ ጸጉሯን ሠርታ፣ ዳቦ በማር አበላቻትና እጇን ይዛ ወጣች። «የእማዬን ሥራ ላሳይሽ» አለቻት። ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ ኖላዊት በመንገዱ ዳር ያለውን የፓፓያ ዛፍ ሁሉ እየቆጠረች እየዘለለች ሄደች። ጣቢያው እረፍት ስለሆነ ጭር ብሎ ነበር። ከመጀመሪያው በር ፊት ሲቆሙ አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ መብራቱ ሳይጠፋ የጀመረው እምምታ በሩ ሥር እየሾለከ ይሰማል። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ እነሱ ናቸው አይደል? እሹሩሩ የሚሉት?»

«እነሱ ናቸው» አለች ትርሲት። የመጀመሪያውን በር ከኋላቸው ስትዘጋው እምምታው ቆመ።

ውስጥ መብራቱ ጠፋ። ሻጋታውና የቆመው ውሃ ሽታ ከወትሮው በርትቶ በጨለማው ውስጥ ፊታቸው ላይ ተነጠፈ፤ ኖላዊት የእናቷን ጋዋን ጨበጠች። ትርሲት ቀይ ባትሪዋን አበራች። ከሦስቱ ሣጥኖች አንዱ፣ የመጨረሻው፣ በቦታው ላይ ነበር። በውስጡ የተረፉት ሦስት መቶ የማይሞሉ ትንኞች ግድግዳውን ትተው ዞረው፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ከልጅቷ ፊት ትይዩ ተደርድረዋል። ትርሲት ሌሊቱን ሁሉ ለራሷ ስትለው ያደረችውን አሁንም በልቧ ትለዋለች፤ ንጹሕ ናቸው፣ በሽታ የላቸውም፣ እኔን አራት ዓመት በልተውኝ ምን ሆንኩ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ አብረን ቤታችን እንሄዳለን።

«ያማል?» አለች ኖላዊት።

«ትንሽ ያሳክካል። ጎበዝ አይደለሽ?»

ልጅቷ ጎበዝ ናትና በርጩማው ላይ ወጣች። የሣጥኑ የጨርቅ እጅጌ የተሠራው ለአዋቂ ክንድ ነበር፤ ትርሲት ግን ለባሏ ከደወለች ማግስት ፈትታው፣ ለአምስት ዓመት ተኩል ልጅ እንዲሆን አጥብባ፣ በጥሩ ስፌት መልሳ ሰፍታዋለች። ልክክ አለ። ትንሿ ክንድ፣ ለስላሳ፣ አንድም ጠባሳ የሌለባት፣ በቀዩ ብርሃን ውስጥ በመረቡ ወዲያ ወገን ስትገባ ትንኞቹ አልበረሩም፤ አንድ በአንድ፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ በእግራቸው ወረዱ። ኖላዊት አላለቀሰችም። ዓይኖቿ ቀስ እያሉ ከበዱ፣ ጭንቅላቷም በእናቷ ደረት ላይ ተጋደመ።

ትርሲት በአንድ እጇ ልጇን ደግፋ፣ ዐሥራ አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ጸጉሯን ሳመቻት፤ ከዚያ መዝገቡን ጭኗ ላይ ገልጣ፣ በጥንቃቄ «አንደኛ ቀን» ብላ ጻፈች።